ከጳጉሜ እስከ ጥቅምት፦ ከልጆች ጋር በጓሮ የሠራነው (ጎንደር)

ጳጉሜ 2

ይሄን መጻፍ የጀመርኩት አምና የሠራነውን ሁሉ ረስቼው ዘንድሮ እንደ አዲስ ስለተጨነቅኩ ነው። ትምህርት ቤት እስኪከፈት ግቢው ውስጥ አምስት ልጅ አለ፣ ሁለቱ የኔ ናቸው፣ ትልቋ 6 ዓመቷ ነው ትንሹ 4፣ ሦስቱ የጎረቤት ናቸው፣ ከነሱ ትልቁ 9 ትንሿ ደግሞ ገና 3። ዝናቡ እየራቀ ነው ግን ጭቃው አልደረቀም ሩቅ መሄድ አይቻልም፣ ስልክ ላይ ካርቱን ከፍቶ ማስቀመጥ ቀላል ነው አውቃለሁ እኔም አደርገዋለሁ፣ ግን ማታ ማታ የሚነጫነጩት ካርቱን ሲያዩ የዋሉ ቀን እንደሆነ ካስተዋልኩ ቆይቻለሁ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ወስኛለሁ። አንደኛ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ለዚህ ነገር ከ300 ብር በላይ አላወጣም። ሁለተኛ ልጁ በራሱ እጅ ሊጨርሰው የማይችለውን ሥራ አላስጀምርም። ለኔ ሁለተኛው ይከብዳል ምክንያቱም እጄ ዝም አይልም፣ አምና እኔ ቆርጬ እኔ ለጥፌ ያሳመርኩት የካርቶን ቤት አንድ ቀን እንኳ አልተጫወቱበትም፣ ትልቋ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቃ ራሷ ያሠረቻት ኳስ ግን ይኸው እስካሁን ግቢ ውስጥ ትንከባለላለች።

ዛሬ የተገዛው 10 ነጭ ወረቀት፣ አንድ ጥቅል ክር፣ ሁለት ቀይ ሥር። እርድ ቤት ነበረ። ከለር አልገዛሁም፣ ራሳችን እንሠራለን።

ጳጉሜ 3

የእንቁጣጣሽ ስዕል ቀን። ወረቀቱን አራት አራት ቦታ ቀደድነውና 40 ትንንሽ ወረቀት ሆነ፣ ለአምስት ልጅ በቂ ነው እንዲያውም ይተርፋል።

ቀለሙን እንዲህ ነው ያደረግነው። ቀይ ሥሩን በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቄ በጨርቅ ጨመቅኩት፣ እርዱን በትንሽ ውሃ በጠበጥን፣ ጎመን በሙቀጫ ወቅጠን አረንጓዴ ወጣልን (ገርጣ ያለ ነው፣ ብዙ ቅጠል ይፈልጋል)፣ ከሰል ፈጭተን ጥቁር፣ የቡና አተላ ደግሞ ቡናማ። ውሃ ብቻ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ይሮጣል፣ ስለዚህ በየአንዳንዱ ላይ አንድ ማንኪያ የዱቄት ሙጫ ጨምረን አወፈርነው። ሙጫው ቀላል ነው፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይጓጉል መበጥበጥ፣ ከዛ ሦስት ብርጭቆ የፈላ ውሃ ላይ ጨምሮ እስኪወፍር ማማሰል፣ ቆንጠር ጨው ጣል ማድረግ ቶሎ እንዳይሻግት። ለሌላውም መለጠፊያ ሁሉ ይሄው ያገለግላል፣ ሕፃን ቢቀምሰው እንኳ የሚያሰጋ ነገር የለውም።

ብሩሽ የለንም ነበር። እናቴ (ልጆቹ እማማ ነው የሚሏት) ቁጭ ብላ ታየን ነበርና "መፋቂያ የለም እንዴ ልጄ?" አለችኝ። በቃ መፋቂያውን ጫፉን አኝከን አለሰለስነው፣ በጣም ጥሩ ብሩሽ ሆነ፣ ወፍራሙ ለ3 ዓመቷም ለመያዝ ይመቻል። ሁሉም የየራሱን ነው ያኘከው፣ መቀያየር የለም።

ምን እንሳል የሚለው ላይ 9 ዓመቱ ልጅ መላእክት መሳል ፈለገ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ጣራውን አይቷል። እና ይሄ ነገር ለትንንሾቹ እንዲህ የሚመች አይመስለኝም ነበር፣ ጣራው ላይ ያሉት እኮ ፊትና ክንፍ ብቻ ናቸው፣ እጅ የለ እግር የለ። አንድ ክብ፣ ሁለት ትልልቅ ዓይን፣ በግራና በቀኝ ክንፍ፣ አለቀ። የ4 ዓመቱ ልጄ ሰው ሳል ሲባል እግሩ ጋ ሲደርስ ተናዶ የሚቀድ ልጅ ነው፣ ዛሬ ሰባት መልአክ ጨረሰ። ዓይናቸው የተለያየ አቅጣጫ እንዲያይ ያደረገችው ደግሞ ትልቋ ናት፣ "እነዚያም እንደዛ ናቸው" ብላ። ትክክል ናት።

ጳጉሜ 4

በትንሹ ልጅ ሸሚዝ ላይ እርድ ፈሰሰ። በሳሙና ሳሸው ቀይ ሆነ! ልጁም "እማዬ እዪው ደም ሆነ!" ብሎ ጮኸ። ለካ እርድ ሳሙና ሲነካው ነው ቀለሙን የሚቀይረው፣ ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ደግሞ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። እድፉን ትቼ ወዲያው ወደ ጨዋታ ቀየርኩት፦ ወረቀቱን በሙሉ እርድ ቀብተን አደረቅን፣ ከዛ መፋቂያውን የሳሙና ውሃ ውስጥ እየነከሩ ይጽፉበታል፣ ቀይ መስመር ይወጣል፣ የሎሚ ውሃ ሲደረግበት ይጠፋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ! አምስቱም! የአመድ ውሃም እንደ ሳሙናው ቀይ ያደርገዋል ግን እጅ ስለሚያቃጥል ለልጆች አልሰጥም።

ሸሚዙን አጥቤ ፀሐይ ላይ ሰቀልኩት፣ በሁለት ቀን እድፉ ለቀቀ። እርድ ፀሐይ አይችልም። ለዚህም ነው በእርድና በቀይ ሥር የተሳለው ስዕል መስኮት ላይ ሲለጠፍ የሚገረጣው፣ ከመስኮት ራቅ ያለ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ጳጉሜ 5

እማማ ዛሬ እንግጫ አለች። እሷ ያደገችው ደንቢያ ነው፣ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ልጃገረዶች ተሰብስበው መስክ ወርደው እንግጫ የሚባለውን ሣር ይነቅሉና ከአደይ አበባ ጋር ይጎነጉኑታል፣ እሷም በልጅነቷ ነቅላለች። እኛ ከግቢው ጀርባ ካለው ረባዳ ቦታ ረዘም ያለ ለስላሳ ሣር ነው ያገኘነው፣ እማማ እንግጫው ይሄ አይደለም አለች፣ ቢሆንም ጉንጉን እናስተምርበት ተባለ።

እዚህ ላይ የተማርኩት ነገር አለ። ገና የተነቀለ ሣር ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ግማሽ ቀን ጥላ ውስጥ ሲጠወልግ ነው የሚታዘዘው። የሦስቱን ዘለላ ጫፍ የበር እጀታ ላይ ማሰር ያስፈልጋል አለበለዚያ ልጅ በአንድ እጁ ይዞ በአንድ እጁ መጎንጎን አይችልም። ሦስቱን ዘለላ ለመለየት ደግሞ አንዱን በቀይ ሥር ነከርነው፣ አንዱን በእርድ፣ አንዱን እንዳለ ተውነው፣ "ቀዩ መሃል ገባ፣ ቢጫው መሃል ገባ፣ አረንጓዴው መሃል ገባ" እያልን። ትልቋ በሦስተኛው ሙከራ ያዘችው። ትንሹ አልቻለም፣ የ4 ዓመት ልጅ ሦስት ዘለላ አይችልም ብዬ ደምድሜያለሁ፣ ለእሱ ሁለት ዘለላ እንደ ገመድ መግመድ ነው የሚሆነው፣ አንዱ ጫፉን ይዞለት እሱ ማጠንጠን። እማማ "አይዞህ የኔ ጌታ፣ ገመድም ሥራ ነው" ብላ ያዘችለት። 3 ዓመቷ ሣሩን እየለቀመች ማቀበል ብቻ ነው የፈለገችው፣ እሱንም በኩራት ነው ያደረገችው።

መስከረም 1

እንኳን አደረሳችሁ። ስዕሉ ሁሉ በጠዋት ተከፋፍሎ አልቋል። ሴቶቹ አበባየሆሽ እያሉ ዞሩ፣ የአምና ጨርቅ ኳስም አብራ ዞረች። ያገኙትን ብር ለክሬየን ከለር ይሁን አሉ፣ እሺ ብያለሁ፣ ከ300ው ላይ አይቆጠርም።

መስከረም 4

አደይ አበባ በየድንጋይ ካቡ ጥግ ፈክቷል። ይሄ ጊዜ አጭር ነው፣ ስለዚህ የጭቃውን ሥራ አቆይቼ ይሄን አስቀደምኩ።

አንደኛ ሀብል። መርፌ አልሰጠሁም፣ የስንደዶ አገዳ ጫፉን በሰያፍ ቆርጬ ክሩን ጫፉ ላይ አሰርኩት፣ አበባውን መሃሉን ይወጋል እጅ አይወጋም። ትንንሾቹ በአበባው ፈንታ የተቆራረጠ የቀርከሃና የእስክሪፕቶ ቀፎ ያስገባሉ፣ አበባው በእጃቸው ይፈርስባቸዋልና ያለቅሳሉ።

ሁለተኛ ማድረቅ። አበባውን ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ቀጥፈን በአሮጌ ጋዜጣ መሃል አድርገን ከላይ የድሮ ምጣድ ጫንንበት። ጋዜጣው በየሁለት ቀኑ ይቀየራል ምክንያቱም እርጥበቱን የሚጠጣው እሱ ነው፣ ካልተቀየረ አበባው ይጠቁራል። ባለፈው ዓመት እሱን ሳላደርግ ቀርቼ ሁሉም ጠቁሮብኝ ነበር።

ከአንድ ቦታ ሁሉንም እንዳይቀጥፉ ነግሬያቸዋለሁ። 9 ዓመቱ ልጅ ተረድቶ ለሌሎቹ እሱ ነው ጠባቂ የሆነው፣ "ይሄን ተዉት ለከርሞ ይዘራል" እያለ።

አጥር ጥግ ላይ ደግሞ እንቧይ ነበር። እኛ ልጅ እያለን ቢጫውን ፍሬ አራት እንጨት ሰክተን በሬ እናደርገው ነበር፣ በጣም የምወደው ጨዋታ ነው፣ ግን እንቧይ መርዝነት አለው እሾህም አለው፣ 3 ዓመቷ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ነው የምትከተው። ስለዚህ በድንች ተካነው። በድንች ላይ አራት ስንጥር፣ ሁለት ቀንድ፣ የዱር እንስሳ ሁሉ ሆነ። ማታ ስንጥሩን ነቅዬ አጥቤ ወጥ ሠራሁበት።

መስከረም 8

ጭቃ! ሲጠብቁት የነበረው።

አፈር መምረጥ ላይ ጊዜ ብናጠፋ ያዋጣል። ጎረቤት መሠረት እያስቆፈረ ነው፣ ከጥልቁ የወጣውን አፈር ለምነን ወሰድን። የማውቀው መፈተኛ ይሄ ነው፣ ጭቃውን እንደ አውራ ጣት ወፍራም አድርጎ ማድቦልቦል ከዛ ጣት ላይ መጠምጠም፣ ከተሰነጠቀ አሸዋ በዝቶበታል፣ ካልተሰነጠቀ ይሆናል። የኛ የላዩ አፈር ተሰነጠቀ፣ የጥልቁ አልተሰነጠቀም። ጠጠርና ስባሪ ጠርሙስ እንዳይኖረው መጀመሪያ እኔ በእጄ ለቀምኩ፣ ይሄን ለልጅ አልሰጥም። ከዛ ውሃ አድርገን በእግራቸው ረገጡት፣ የጤፍ ጭድ አድቅቀን ጨመርንበት፣ ቤት የሚመርጉ ሰዎች እንደሚያደርጉት፣ ጭዱ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ አንቆ ይይዘዋል።

የወጣው ሥራ፦ ጀበና ሦስት፣ ሲኒ ብዙ፣ በሬ፣ አህያ፣ አንድ የፋሲል ግንብ ከነክብ ማማው፣ እና ትንሹ "እባብ ነው" ያለው ረጅም ነገር። እባቡ ከሁሉ ቀድሞ አለቀ ከሁሉም በላይ ተወደደ።

መስከረም 11

ሲደርቅ ያየሁት። ፀሐይ ላይ ያስቀመጥናቸው በአንድ ቀን ተሰነጣጠቁ፣ ጥላ ውስጥ ያሉት በአራተኛው ቀን ደህና ደረቁ። ከአውራ ጣት የወፈረ ነገር ሁሉ ላዩ ደርቆ ውስጡ ስለሚቀር ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ የበሬው ሆድ ከውስጥ በጣት መቦርቦር ነበረበት። ቀንድና እግር የረገፈባቸውም አሉ፣ የረገፉት ዝም ብለን የለጠፍናቸው ናቸው፣ መጀመሪያ ሁለቱንም በእንጨት ጫር ጫር አድርገን እንደ አጥሚት የቀጠነ ጭቃ ቀብተን ያጣበቅናቸው አልረገፉም። ትልቋ ቀንዱ ሲወድቅ አለቀሰች፣ ከዛ ራሷ እርጥብ ጭቃ አምጥታ መልሳ ለጠፈችው፣ ድጋሚ ወደቀ፣ ደረቅ ላይ እርጥብ አይይዝም። ይሄን እኔ ልነግራት ስል እማማ እጄን ያዘችኝ፣ "ተይ ራሷ ትየው" አለች። ሦስተኛው ላይ አዲስ በሬ ጀመረች።

"ለምን እሳት ውስጥ አንከተውም" ያለው 9 ዓመቱ ነው። ወለቃ አይቷል፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የሸክላ መንደር፣ እዛ ሴቶቹ ትንንሽ የሸክላ ምስል ሠርተው ያቃጥላሉ። እነሱ አፈሩንም እሳቱንም የሚያውቁ ባለሙያዎች ናቸው። ውስጡ እርጥበት የያዘ ጭቃ እሳት ሲያገኘው ውሃው ተንኖ መውጫ ሲያጣ ይፈነዳል፣ ስባሪው ዓይን ሊመታ ይችላል፣ ስለዚህ አላቃጠልንም። የኛ ሲኒ ውሃ አይይዝም፣ በአሸዋ ቡና እየተቀዳበት ነው።

መስከረም 13

የእንቁላል ቅርፊት ላይ ገብስ መዝራት። ለዶሮ ወጥ የተቀቀለው እንቁላል ሲላጥ ስለሚደቅ አይሆንም፣ ለጥብስ ሲሰበር በማንኪያ ጫፉን ብቻ መምታት ነው። ቅርፊቱን አጥቤ ለጥቂት ደቂቃ ቀቀልኩት፣ ጥሬ እንቁላል በሽታ ሊይዝ ስለሚችል። ታቹን በመርፌ በሳሁ። ልጆቹ በከሰል ፊት ሳሉበት፣ አፈር ሞሉ፣ ሌሊት ሙሉ ውሃ ውስጥ ያደረ ገብስና ስንዴ ዘሩ፣ አንዱ ላይ ጤፍ ሞከርን። ኮርኪ ላይ ነው የሚቆሙት።

መስከረም 17

መልካም የመስቀል በዓል። ልጆቹ ክንድ የምታክል የየራሳቸውን ችቦ ሠሩ፣ ደረቅ ጭራሮ በክር አስረው ጫፉ ላይ አደይ አበባ፣ አይለኮስም፣ ለመያዝ ብቻ ነው። ማሰሩን ጠበቅ አድርገው እንዲይዙ ክሩን በሙጫ ማርጠብ ይረዳል።

መስከረም 22

ገብሱ! በሦስተኛው ቀን ነው ብቅ ያለው፣ ዛሬ ጣት አክሏል። ስንዴውም ደህና ነው። ጤፉ ቶሎ ወጣ ግን ከማነሱ የተነሳ ተኛ። 3 ዓመቷ በየሰዓቱ ውሃ ታጠጣው የነበረው አንዱ ሻገተ፣ መብሳቱን የረሳሁት እሱን ነበር፣ አዝና ነበር ወዲያው ሌላ ዘራንላት።

አሁን ፀጉር ቆረጣ ነው። እማማ አንዱን ዙሪያውን በመቀስ ላጭታ መሃሉን ቁንጮ አስቀረችለት፣ አንዱን ጋሜ አደረገችው። ልጆቹ ቁንጮና ጋሜ አያውቁም ነበር፣ የድሮ ሕፃናት እንዲህ ይላጩ እንደነበር ነገረቻቸው፣ ትንሹ እኔንም ቁንጮ አድርጉኝ ብሎ እስካሁን እየጠየቀ ነው። ቢቆረጥም ተመልሶ ያድጋል ስለዚህ በየሦስት በአራት ቀኑ ፀጉር ቤት አለን።

መስከረም 26

ነፋስ ላይ የሚሽከረከር የወረቀት አበባ። የደብተር ቅጠል ሳሳብን ታጠፈ፣ የአሮጌ ደብተር ሽፋን ነው የሚሆነው። አንድ ስንዝር በአንድ ስንዝር አራት ማዕዘን፣ ከአራቱም ማዕዘን ወደ መሃል መቁረጥ (መሃሉ ሁለት ጣት ሳይቆረጥ ይቅር)፣ አንዱን ጫፍ እየዘለሉ ወደ መሃል ማጠፍ፣ በስፒል እንጨት ላይ መስካት። ዋናው ነገር በወረቀቱና በእንጨቱ መሃል ቁራጭ የእስክሪፕቶ ቀፎ ማስገባት ነው፣ ያለሱ ይተሻሽና አይዞርም። ሹሉን ጫፍ በድንጋይ መትቼ አጠፍኩት። መቁረጡን ትልልቆቹ ቻሉ፣ ትንንሾቹ ቀለም ቀቡ፣ ሲሮጡ ያው ሁሉም እኩል ነው።

ጥቅምት 5

ትምህርት ተከፍቷል፣ አሁን ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው።

ዛሬ ታንኳ። ሀሳቡ የእማማ ነው፣ ጣና ዳር በደንገል የሚሠራውን ታንኳ እያየች ነው ያደገችው። ደንገል እዚህ የለንም። መጀመሪያ አረንጓዴ ሰንበሌጥ አጭደን እንደ አውራ ጣት ወፍራም ሦስት ነዶ አሰርን፣ ሦስቱን ጎን ለጎን አጣመርን፣ ፊቱን ወደ ላይ ቀልብሰን በክር ወደ ኋላ ሳብነው። ቅርጹ ያምራል። ሳፋ ውስጥ ስናስቀምጠው ግን ወዲያው ጠጣና ግማሹ ሰጠመ። እማማ ሳቀችና "እርጥብ ምን ይንሳፈፋል፣ ደንገሉ እኮ ደርቆ ነው የሚታሰረው" አለች። እውነተኛው ታንኳም ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሐይቁ አውጥተው ያደርቁታል አለችን።

9 ዓመቱ ደረቅ የበቆሎ አገዳ አመጣ። ልጣጩ እንደ ምላጭ ነው፣ መላጡን እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ውስጡ ያለው ነጩ ግን እንደ ስፖንጅ ቀላል ነው ሕፃንም በጥርሱ ይቆርጠዋል። ደረቅ ሣር ከውጭ፣ የአገዳ ውስጥ ከመሃል። ተንሳፈፈ።

ትንሹ "ፋሲል መዋኛ ወስደን እንልቀቀው" አለ። ለጥምቀት ነው እኮ ውሃ የሚሞላው አልኩት፣ ከቀሃ ወንዝ ነው ውሃው የሚመጣው፣ ጥር እስኪደርስ ደረቅ ነው። እሺ አለና ታንኳውን ለጥር ደብቆ አስቀመጠው አልጋ ሥር፣ እርጥብ እንደሆነ! አውጥቼ መስኮት ላይ አሰጣሁት።

ጥቅምት 12

የታንኳ ጭነት ውድድር። ባቄላ አንድ አንድ እየተቆጠረ ይጫናል፣ የማን ታንኳ ብዙ ይችላል። 4 ዓመቱ እስከ 10 ነበር የሚቆጥረው፣ ዛሬ ታንኳው ስላልሰመጠለት መቆም አልፈለገም፣ እህቱ እየነገረችው 11፣ 12፣ 13 እያለ 23 ላይ ታንኳው ተጋደመ። "ሌላ እንጫን" ብሎ ባቄላውን ከሳፋው ሥር እየለቀመ ነው ያመሸው። የተለቀመው ባቄላ ውሃ ጠጥቷል፣ ጥጥ ላይ አድርገን ብርጭቆ ውስጥ አስቀመጥነው እንዲበቅል።

የደረቀው አደይ አበባም ዛሬ ከምጣዱ ሥር ወጣ። ቢጫነቱ እንዳለ ነው ከሁለት በስተቀር። ትልቋ አንዱን ወረቀት ላይ በሙጫ ለጥፋ ለእማማ ሰጠቻት፣ እማማ ስማ ውዳሴ ማርያሟ ውስጥ ከተተችው።

እስካሁን የወጣው 210 ብር ነው። በቀረው ስፒልና ሌላ ክር እገዛለሁ። ባቄላው በሚቀጥለው ቅዳሜ ሥር ካወጣ እጽፋለሁ።